ሮል ኬጅ በዳትሰን 240ዜድ

ሮል ኬጅ በመኪና ጋቢና ውስጥ ለቦዲው ተጠግቶ የሚገጠም፣ ከብረት ቱቦዎች የተሠራ ቀፎ ነው። ዋና ሥራው መኪናው ሲገለበጥ ወይም ሲጋጭ ጋቢናው እንዳይጨፈለቅና በውስጡ ያለው ሰው በሕይወት የሚተርፍበት ቦታ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። በተጨማሪም ቦዲው እንዳይጠማዘዝ ስለሚያጠነክረው መኪናው በኩርባ ላይ ለመሪ የሚሰጠውን መልስ ያሻሽላል።

ሮል ኬጅ በራሊ፣ በሩጫ ሜዳና በተራራ መውጫ ውድድሮች ላይ በስፋት ይታያል። ዛሬ ለውድድር ታስበው የሚሠሩ መኪናዎች ኬጁ ከቦዲው ጋር አብሮ ይነደፍላቸዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተራ መንገድ በተሠሩ የስፖርት መኪናዎች ላይ ግን ኬጁ የሚገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ሠሪው በቀጭን ላሜራና በአሮጌ ዝገት ላይ ጠንካራ መዋቅር ማቆም ይኖርበታል። ይህ መጣጥፍ የኬጁን ንድፍና አገጣጠም በዳትሰን 240ዜድ ምሳሌነት ያብራራል።

መኪናው

ዳትሰን 240ዜድ የጃፓኑ ኒሳን ኩባንያ ከ1969 መጨረሻ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የሠራው ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ነው። በጃፓን ገበያ «ፌርሌዲ ዜድ» በሚል ስም ተሽጧል። ወደ ውጭ የተላከው መኪና ሞተር በአንድ መሥመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች ያሉትና 2,393 ሴሜ ኩብ የሚይዝ ነው። የመኪናው ክብደት ከ1,000 ኪሎግራም ትንሽ ይበልጣል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2,305 ሚሊሜትር ነው።

መኪናው እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ የበሩ ደፍ፣ ጣሪያውና ምሰሶዎቹ በአንድነት ተበይደው ጭነቱን የሚሸከሙበት ወጥ ቦዲ ነው። ከሞተሩ ክፍል የሚነሱት ሁለቱ የፊት ማገሮች ከወለሉ በታች አልፈው መሃል አካባቢ ያልቃሉ እንጂ እስከ ኋላ አይዘልቁም። የኋላው በር ሰፊና ወደ ላይ የሚከፈት በመሆኑ በዚያ በኩል ቦዲውን የሚያስር ግድግዳ የለም። እነዚህ ባሕርያት ኬጁ የት ላይ መቆም እንዳለበት ይወስናሉ።

240ዜድ በውድድር ታሪክ የታወቀ መኪና ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታና ሎፍቲ ድሪውስ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት በዚህ መኪና ነው። በ1972ቱ የሞንቴ ካርሎ ራሊ ራውኖ አልቶነን 3ኛ ሲወጣ በረዳትነት አብሮት የተቀመጠው ዣን ቶድ ነበር። ቶድ በኋላ ከ2009 እስከ 2021 የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊያ) ፕሬዚዳንት ሆኗል። በአሜሪካ የብሮክ ሬሲንግ ቡድን በጆን ሞርተን ሾፌርነት በ1970 እና በ1971 የስፖርት መኪና ክለቡን (ኤስሲሲኤ) የሲ ፕሮዳክሽን ሻምፒዮናነት ወስዷል። በዚህ ታሪክ ምክንያት ዛሬም ብዙ 240ዜዶች ለአሮጌ መኪናዎች ውድድር ይዘጋጃሉ።

የኬጁ ክፍሎች

የአንድ ኬጅ መሠረታዊ መዋቅር ስድስት እግሮች አሉት። ሁለቱ የዋናው ቅስት፣ ሁለቱ የፊት ቅስት፣ ሁለቱ ደግሞ የኋላ ድጋፎች ናቸው። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ዋናው ቅስት፦ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ከግራ ወለል ተነስቶ በጣሪያው ሥር አልፎ ወደ ቀኝ ወለል የሚወርድ ቱቦ ነው። ከአንድ ወጥ ቱቦ ሳይቀጠል ይታጠፋል።
• የፊት ቅስት፦ በፊት መስታወት ምሰሶዎች ውስጠኛ ጎን ወጥቶ ከመስታወቱ በላይ ይሻገራል። በምትኩ ከዋናው ቅስት ተነስተው በበሩ አናት ላይ ወደ ፊት የሚሄዱና በምሰሶው በኩል የሚወርዱ ሁለት የጎን ቅስቶችን መጠቀም ይቻላል።
• የኋላ ድጋፎች፦ ከዋናው ቅስት የላይኛ ማዕዘኖች ተነስተው ወደ ኋላ የሚወርዱ ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ናቸው።
• ሰያፍ ቱቦ፦ ዋናውን ቅስት ወይም የኋላ ድጋፎቹን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያቋርጣል።
• የበር ቱቦዎች፦ በበሩ ክፍተት ላይ በመስቀል ወይም በአግድም የሚገቡ የጎን መከላከያዎች ናቸው።
• የጣሪያ ማጠናከሪያ፦ ከፊትና ከዋናው ቅስት መካከል ያለውን አራት ማዕዘን የሚያስር ቱቦ ነው።
• የማዕዘን ማጠናከሪያ፦ ሁለት ቱቦዎች በሚገናኙበት ጉልበት ላይ የሚበየድ የታጠፈ ላሜራ ነው።

የንድፉ መሠረት ሦስት ማዕዘን ነው። በአራት ቱቦ የተሠራ አራት ማዕዘን ከጎን ሲገፋ ቱቦዎቹ ባይሰበሩም ማዕዘኖቹ ተጣጥፈው ይተኛል። አንድ ሰያፍ ቱቦ ሲገባበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሦስት ማዕዘን ከጎኖቹ አንዱ ካልተኮማተረ ወይም ካልተለጠጠ ቅርጹን አይለውጥም። በዚህ ምክንያት ሰያፍ የሌለው ዋና ቅስት ከላይ ሲታይ ጠንካራ ቢመስልም መኪናው በአንድ ጣሪያ ማዕዘኑ ላይ ሲያርፍ ወደ ጎን ሊተኛ ይችላል።

ሌላው ደንብ የቱቦዎቹ መሃል መሥመሮች በአንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ሰያፉ ከማዕዘኑ 15 ሴንቲሜትር ወርዶ ቢበየድ ኃይሉ የቅስቱን መሃል እየገፋ ያጎብጠዋል። ቱቦ በርዝመቱ ሲገፋ ብዙ ይሸከማል፤ ከጎኑ ሲገፋ ግን በቀላሉ ይጎብጣል።

የቱቦው ምርጫ

ፊያ በደንቡ አባሪ ጄ፣ አንቀጽ 253 ላይ የኬጅ ቱቦ ምን መሆን እንዳለበት ወስኗል። ብረቱ ያልተቀየጠ የካርቦን ብረት፣ ቀዝቃዛ እንዳለ ተስቦ የተሠራና ስፌት የሌለው መሆን አለበት። የመበጠስ መቋቋሙ ከ350 ኒውተን በሚሊሜትር ካሬ ማነስ የለበትም። ለዋናው ቅስት ቢያንስ 45 × 2.5 ወይም 50 × 2.0 ሚሊሜትር፣ ለሌሎቹ ክፍሎች ቢያንስ 38 × 2.5 ወይም 40 × 2.0 ሚሊሜትር ቱቦ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥር የቱቦው የውጭ ስፋት፣ ሁለተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው።

ሁለቱ አማራጮች ክብደታቸውና ጥንካሬያቸው እኩል አይደለም። በብረት እፍጋት ሲሰላ ባለ 45 × 2.5 ቱቦ በአንድ ሜትር 2.62 ኪሎግራም፣ ባለ 50 × 2.0 ደግሞ 2.37 ኪሎግራም ይመዝናል። ሆኖም ባለ 50ው ብረቱ ከመሃሉ ርቆ ስለሚገኝ ቀላል ሆኖ ሳለ ለመጉበጥ ያለው መቋቋም በ15 በመቶ ያህል ይበልጣል። በ240ዜድ ጠባብ ጋቢና ውስጥ ግን ባለ 45ው የሚያስቀረው 5 ሚሊሜትር ለጭንቅላት ቦታ ስለሚሆን አንዳንድ ሠሪዎች ይመርጡታል።

ለምሳሌ 4 ሜትር ባለ 45 × 2.5 እና 16 ሜትር ባለ 38 × 2.5 ቱቦ የገባበት ኬጅ ፕሌቶቹንና ብሎኖቹን ሳይጨምር 45 ኪሎግራም ያህል ይሆናል። ይህ ክብደት በብዛት ከመቀመጫው በላይ ስለሚገኝ የመኪናውን የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይስባል። በመሆኑም ቱቦ መጨመር ሁልጊዜ የተሻለ ኬጅ አያስገኝም።

የውኃ ቧንቧ ለኬጅ አይሆንም። ቧንቧ የሚሠራው በውስጡ ፈሳሽ እንዲያልፍ እንጂ ጭነት እንዲሸከም አይደለም። ብዙ ጊዜ በርዝመቱ የተበየደ ስፌት አለው፤ ሲታጠፍ ወይም ሲመታ በዚያ በኩል ሊከፈት ይችላል። በዚንክ የተነከረ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ይመርዛል፣ ብየዳውንም ያበላሻል።

ቱቦው ሳይሞቅ በማጉበጫ መሣሪያ ይታጠፋል። በፊያ ደንብ መሠረት የእጥፋቱ ራዲየስ በቱቦው መሃል መሥመር ሲለካ ከቱቦው ስፋት ቢያንስ 3 እጥፍ ነው። ለ45 ሚሊሜትር ቱቦ ይህ 135 ሚሊሜትር ይሆናል። እጥፋቱ ላይ ቱቦው ሞላላ ከሆነ ጠባቡ ስፋት ከሰፊው 0.9 በታች መውረድ የለበትም። ሽብሽብ ወይም ስንጥቅ የታየበት ቱቦ ይጣላል።

የሚጠበቀው ጭነት

አንድ ኬጅ በመደበኛው ንድፍ ካልተሠራ በፊያ አሠራር በሙከራ ሊረጋገጥ ይችላል። በሙከራው የዋናው ቅስት አናት ከላይ ወደ ታች ይጫናል። የሚጫነው ኃይል በዲካ ኒውተን ሲለካ 7.5 ጊዜ የመኪናው ክብደት ሲደመር 150 ኪሎግራም ነው። ቅስቱ በዚህ ጭነት ሥር ከ50 ሚሊሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ለፊት ቅስት ብዜቱ 3.5፣ የሚፈቀደው መውረድ ደግሞ 100 ሚሊሜትር ነው።

1,050 ኪሎግራም ለሚመዝን 240ዜድ ስሌቱ ቀላል ነው። 1,050 እና 150 ሲደመሩ 1,200 ይሆናል። በ7.5 ሲባዛ 9,000 ዲካ ኒውተን፣ ማለትም 90,000 ኒውተን ነው። ይህ የ9 ቶን ያህል ክብደት በዋናው ቅስት ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ጭነቱ በሁለቱ የቅስት እግሮች እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 45,000 ኒውተን ይደርሳል። በእውነተኛ አደጋ የኋላ ድጋፎቹ ከዚህ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ መኪናው በአንድ ማዕዘን ካረፈ ግን አንዱ እግር ከሌላው የበለጠ ይሸከማል።

እግሮቹ የሚቆሙበት ቦታ

ኬጁ የሚሸከመው ኃይል በመጨረሻ በእግሮቹ በኩል ወደ ቦዲው ይገባል። ስለዚህ ኬጁ ከቆመበት ላሜራ የበለጠ ጠንካራ ሊሆን አይችልም። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል።

ወለሉ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ነው እንበል። ባለ 45 ሚሊሜትር ቱቦ በቀጥታ ወለሉ ላይ ቢቆም ላሜራውን የሚጫነው በዙሪያው ብቻ ነው። የቱቦው ዙሪያ 141 ሚሊሜትር ነው። ይህ በ0.8 ሲባዛ 113 ሚሊሜትር ካሬ የሚቆረጥ ብረት ይሆናል። 45,000 ኒውተን ለዚህ ሲካፈል 398 ኒውተን በሚሊሜትር ካሬ ይመጣል። ይህ ለተራ ለስላሳ ላሜራ ከአቅም በላይ ነው። ቱቦው ወለሉን እንደ ብስ መሣሪያ ቀዶ ወደ ታች ይወጣል፤ ጣሪያውም በዚያው ልክ ወደ ሰውየው ይወርዳል።

በእግሩ ሥር 100 × 120 ሚሊሜትር የሆነ ፕሌት ሲገባ ዙሪያው 440 ሚሊሜትር ይሆናል። የሚቆረጠው ብረት 352 ሚሊሜትር ካሬ ስለሚደርስ ውጥረቱ ወደ 128 ይወርዳል። ፊያ ለቅስቶች እግር ቢያንስ 120 ሴንቲሜትር ካሬ ስፋትና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ማጠናከሪያ ፕሌት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለኋላ ድጋፎች ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ካሬ ነው።

ዝገት ግን ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ላሜራው ተበልቶ 0.4 ሚሊሜትር ከቀረ በዚያው ፕሌት ላይ ያለው ውጥረት በእጥፍ አድጎ 256 ይደርሳል። ፕሌቱ ትክክል፣ ቱቦው ትክክል፣ ብየዳውም ትክክል ሆኖ ወለሉ ሊቀደድ ይችላል።

በ240ዜድ ላይ ለእግሮቹ የሚመረጡት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

• የዋናው ቅስት እግሮች ከመቀመጫው ጀርባ፣ ወለሉ ከበሩ ደፍ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ይቆማሉ። ፕሌቱ እንደ ፊደል «L» ታጥፎ ግማሹ በወለሉ፣ ግማሹ በደፉ ጎን ላይ ይበየዳል።
• የፊት ቅስት እግሮች ከፊት መስታወት ምሰሶ ሥር፣ ከሾፌሩና ከተሳፋሪው እግር ውጭ በኩል በደፉ አጠገብ ያርፋሉ።
• የኋላ ድጋፎቹ በኋለኛው የሾክ አብዞርበር መቀመጫ ላይ ወይም አጠገብ ያርፋሉ። ይህ ቦታ በዕቃ መጫኛው ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ የሚታይና ከፋብሪካው ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ነው።

የኋላ ድጋፍ ከቁም መሥመር ቢያንስ 30 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ለምሳሌ ከቅስቱ አናት እስከ እግሩ ያለው ቁመት 60 ሴንቲሜትር ከሆነ እግሩ ቢያንስ 35 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ መራቅ ይኖርበታል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ድጋፉ ቅስቱን ከኋላ ከመያዝ ይልቅ አጠገቡ እንደቆመ ሌላ ምሰሶ ይሆናል።

የዝገት ምርመራ

ማንኛውም ቱቦ ከመገዛቱ በፊት መኪናው ይራቆታል። መቀመጫዎች፣ ምንጣፍ፣ የጎን ልባስ፣ ዳሽቦርድና የፊት መስታወት ይወጣሉ። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ድምፅ ማፈኛ ሬንጅ ይፋቃል፤ ብዙ ጊዜ ዝገቱ የሚገኘው ከእሱ ሥር ነው።

በ240ዜድ ዝገት የሚበዛባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። እነሱም ወለሉ፣ ከወለሉ በታች ያሉት ማገሮች፣ የባትሪው ማስቀመጫና ከሥሩ ያለው ማገር፣ የበሩ ደፍ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለው የጎን ላሜራ የታችኛ ጫፍ እና የኋላው በር ሥር ናቸው። ከእነዚህ መካከል ወለሉና ደፉ የኬጁ እግር የሚያርፍባቸው ናቸው።

ምርመራው በዓይን ብቻ አያበቃም። በሹል መዶሻ ሲመታ ጥሩ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ይደነቁራል ወይም ይበሳል። ደፉ ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ከውስጥ ባዶ ሊሆን ስለሚችል በቀዳዳው በኩል በትንሽ ካሜራ ይታያል። የተበላው ክፍል ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል። በዝገት ላይ ፕሌት መለበጥ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይጠግንም።

አሠራር

ልኬት የሚወሰደው መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ወይም በአራቱም በኩል እኩል ተደግፎ ሳለ ነው። በመሃሉ ብቻ የተነሳ አሮጌ ቦዲ በትንሹ ይጎብጣል፤ በዚያ ሁኔታ ከተበየደ ኬጁ ጉብጠቱን ለዘለቄታው ያስረዋል። ከመጀመሪያው ብየዳ በፊት በሮቹ በትክክል መዘጋታቸው ይረጋገጣል።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦

1. መቀመጫው በቦታው ይገባና ሾፌሩ የራስ ቁሩን (ሄልሜቱን) አድርጎ ይቀመጣል። የኬጁ ልክ የሚጀምረው ከሰውየው ነው።
2. የቅስቶቹ ቅርጽ በሽቦ ወይም በካርቶን ተሠርቶ ከቦዲው ጋር ይለካል።
3. የእግር ፕሌቶቹ ተቆርጠው ይታጠፋሉ፣ ላሜራው እስኪያበራ ይፋቃል፣ ፕሌቶቹም ይበየዳሉ።
4. ዋናው ቅስት ታጥፎ ይቆማል። ሌላው ሁሉ የሚለካው ከእሱ ነው።
5. የፊት ቅስት፣ የላይ ማገናኛዎችና የኋላ ድጋፎች ጫፋቸው በዓሣ አፍ ቅርጽ ተቆርጦ ከሌላው ቱቦ ክብ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል።
6. ሁሉም በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛል። በሮች፣ መሪ፣ ማርሽና መቀመጫ ይሞከራሉ።
7. ሰያፎች፣ የበር ቱቦዎችና የማዕዘን ማጠናከሪያዎች ይገባሉ፤ ከዚያ ሙሉ ብየዳ ይጀመራል።

አስቸጋሪው ክፍል የላይኛው መጋጠሚያ ነው። ኬጁ ለጣሪያው በጣም ስለሚጠጋ የብየዳው መሣሪያ ከቱቦው በላይ አይገባም። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች እግሮቹን በትናንሽ የብረት ሳጥኖች ላይ እንዲቆሙ አድርገው ይነድፋሉ። ቅስቶቹ በነጥብ ብየዳ ከተያዙ በኋላ ሳጥኖቹ ወጥተው ኬጁ ወደ ወለሉ ዝቅ ይደረጋል፤ አናቱ ዙሪያውን ይበየዳል። ከዚያ ኬጁ ከፍ ተደርጎ ሳጥኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና ይበየዳሉ። ይህ ዘዴ ካልታሰበ ብየዳው ከታች በሚታየው በኩል ብቻ ይቀራል። ከላይ ያልተበየደ መጋጠሚያ ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው በአደጋ ጊዜ ነው።

ብየዳ

የኬጁ መጋጠሚያዎች ዙሪያቸውን ሙሉ በሙሉ ይበየዳሉ፣ ብየዳውም ወደ ብረቱ ዘልቆ መግባት አለበት። ጋዝ እየተነፋ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ (ሚግ ወይም ቲግ) ይመረጣል። ያማረ ብየዳ ሁልጊዜ ጠንካራ አይደለም፤ ስለዚህ በያጁ ከሥራው በፊት ከዚያው ቱቦ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ሞክሮ፣ ቁራጩን ሰንጥቆ ዘልቆ መግባቱን ያያል። ብየዳውን በግራይንደር ማለስለስ ብረቱን ስለሚያሳንስና ጉድለትን ስለሚደብቅ አይደረግም።

በ240ዜድ ላይ የእሳት አደጋ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የቤንዚን ታንከሩ ከኋላው ወለል ሥር ስለሚገኝ ለኋላ ድጋፎቹ ቅርብ ነው። ታንከሩና ቱቦዎቹ ከመኪናው ይወጣሉ እንጂ ባዶ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ባዶ ታንከር ውስጥ የቀረ ተን ከቤንዚኑ ይልቅ በቀላሉ ይፈነዳል። ባትሪውና ጀነሬተሩ ይፈታሉ። የቀረው ሬንጅ ከወለሉ ታችና ላይ ካልተፋቀ በሙቀቱ ይቀጣጠላል። መስታወቶች በእርጥብ ወይም እሳት በማይበላው ጨርቅ ይሸፈናሉ።

በብሎን ወይስ በብየዳ

ኬጅ በብሎን ሊታሰር ወይም ከቦዲው ጋር ሊበየድ ይችላል። በብሎን ሲታሰር ፊያ ለእያንዳንዱ የቅስት እግር ቢያንስ 3 ብሎን፣ ለኋላ ድጋፍ ቢያንስ 2 ብሎን ይጠይቃል። ብሎኖቹ ከኤም 8 ያላነሱና የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ፤ ዳዶዎቹም በንዝረት የማይፈቱ ናቸው። የላላ ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋ ስለሚሄድ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይፈተሻል።

በብሎን የታሰረ ኬጅ ሊወጣ ስለሚችል ለዋጋው ሲባል ቦዲው እንዳይነካ ለሚፈለግ መኪና ይስማማል። የተበየደው ደግሞ ቦዲውን ይበልጥ ያጠነክራል፤ ከፊት መስታወት ምሰሶና ከዋናው ምሰሶ ጋር በትናንሽ ላሜራዎች ሊያያዝም ይችላል። ለአሮጌ መኪናዎች ውድድር ፊያ አባሪ ኬ የተባለ የራሱ ደንብ ስላለው ባለቤቱ ንድፉን ከመጀመሩ በፊት የሚወዳደርበትን ክፍል ደንብ ማንበብ ይኖርበታል። በአሜሪካ ኤስሲሲኤ የግድግዳው ውፍረት እንዲለካ በቱቦው ላይ የ3/16 ኢንች (5 ሚሊሜትር ያህል) የመመርመሪያ ቀዳዳ ያስበሳል።

መቀመጫ፣ ቀበቶና ስፖንጅ

ኬጅ ብቻውን ሰውን አያድንም። መኪናው ሲገለበጥ የላላ ሰው ወደ ቱቦው ይወረወራል። በመሆኑም ኬጅ፣ የማይታጠፍ የውድድር መቀመጫ፣ ባለብዙ ማሰሪያ ቀበቶና የራስ ቁር እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራሉ።

የትከሻ ማሰሪያዎቹ ከዋናው ቅስት ጋር በተበየደ አግዳሚ ቱቦ ላይ ሊታሰሩ ይችላሉ። ከትከሻው ወደ ኋላ ሲሄዱ ከአግድም መሥመር ከ45 ዲግሪ በላይ ቁልቁል ማዘንበል የለባቸውም። ወደ ወለሉ ቁልቁል የታሰረ ማሰሪያ በግጭት ጊዜ ትከሻውን ወደ ታች ስቦ አከርካሪውን ይጨምቃል።

የራስ ቁሩ ሊነካው የሚችል ቱቦ ሁሉ በጠንካራ ስፖንጅ ይሸፈናል። ለዚህ የሚያገለግለው በፊያ 8857-2001 ወይም በኤስኤፍአይ 45.1 ደረጃ የተፈተነው ነው። ለስላሳ የቧንቧ መጠቅለያ ስፖንጅ በእጅ ሲጫኑት ምቹ ቢመስልም በምት ጊዜ ወዲያው ተጨምቆ ያልቃል። የጭንቅላቱን ቦታ ለማየት ቀላል ሙከራ አለ፤ ቀጥ ያለ እንጨት ከዋናው ቅስት አናት እስከ ፊት ቅስት አናት ሲጋደም የተቀመጠው ሰው የራስ ቁር ከእንጨቱ በታች መቅረት አለበት።

በተራ መንገድ ላይ

ኬጅ የገባበትን አሮጌ መኪና ያለ ራስ ቁር በከተማ መንዳት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። በ240ዜድ ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ የጎን ቱቦው ከሾፌሩ ጭንቅላት በጥቂት ሴንቲሜትር ይርቃል። ተራ የደህንነት ቀበቶ ላይኛውን አካል በመጠኑ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ካለ ኬጅ ጭንቅላት የማይነካበት ቀላል ግጭት ከኬጅ ጋር የራስ ቅል ስብራት ሊያመጣ ይችላል። መኪናውን ለመንገድም ለሜዳም የሚጠቀሙ ብዙ ባለቤቶች ከዋናው ቅስትና ከኋላ ድጋፎች ብቻ የተሠራውን ግማሽ ኬጅ የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። በእሱም ቢሆን ቅስቱ ከጭንቅላቱ ኋላ በቂ ርቀት ሊኖረው ይገባል።

የኬጅ ወሰን

በደንቡ የተሠራ ኬጅም ቢሆን ሁሉንም አደጋ አይከላከልም። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በዌልስ ራሊ ረዳት ሾፌሩ ማይክል ፓርክ መኪናው በእሱ በኩል ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አልፏል። በየካቲት 2011 ሮበርት ኩቢሳ በጣሊያን በራሊ ላይ ሳለ የመንገድ ዳር ብረት ጋቢናውን ሰንጥቆ ገብቶ ቀኝ እጁን ክፉኛ አቁስሎታል። ሁለቱም ኬጅ በነበራቸው ዘመናዊ መኪናዎች ውስጥ ነበሩ።

ጎኑ የኬጅ ደካማ ክፍል ነው፤ ከሰውየው እስከ በሩ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ቱቦው ለመጉበጥ የሚያገኘው ቦታ ትንሽ ነው። በ240ዜድ ላይ መቀመጫውን የደንቡና የመሪው አቀማመጥ በሚፈቅደው መጠን ወደ መሃል ማስጠጋት አንድ ተጨማሪ ቱቦ ከማስገባት ሊበልጥ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

• የተበላ ወለል ላይ ፕሌት መለበጥ።
• ዋናውን ቅስት ከሁለት ቁራጭ ቱቦ ቀጥሎ መሥራት።
• ሰያፉን ከማዕዘኑ አርቆ መበየድ።
• የላይኛውን መጋጠሚያ በግማሹ ብቻ መበየድ።
• የበር ቱቦውን ከበሩ ክፍተት ግማሽ በላይ ከፍ አድርጎ መውጫውን መዝጋት።
• ኬጁን ያለ መቀመጫውና ያለ ሾፌሩ ለክቶ፣ በኋላ የራስ ቁር የማይገባበት ማድረግ።
• አንድ ጊዜ በአደጋ የጎበጠ ቱቦን አቅንቶ እንደገና መጠቀም። የጎበጠ ቱቦ ተቆርጦ ይተካል፤ የቆመበት ላሜራም እንደገና ይመረመራል።